በስልክ የተነገረ መርዶ

አሽዶድ፣ ማርች 11 ቀን 2025

የእናቴ ልጅ ያፍዬ፤

እንደምን ከርመሻል? የኤላት ሙቀት፣ የሆቴሉ ሥራ ተስማማሽ? እኛ ደህና ነን። ልጄ አልሞግ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቆ መኪናውን ይወቅሳል። በዕብራይስጥ ብጽፍልሽ ለእጄ ይቀለው ነበር፤ ይህ ነገር ግን በአማርኛ ካልሆነ አይወጣልኝም።

በምሠራበት ሆስፒታል፣ እኛ ክፍል፣ ጌታው የሚባሉ አዛውንት ሦስት ሳምንት ተኝተው ነበር። ባዩኝ ቁጥር «መጣሽ፣ የአገሬ ልጅ?» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እጄን እንደያዙ አረፉ። ሐኪሙ «ደውይና ቤተሰቡን ጥሪልኝ» አለኝ። ሥራዬ መጥራት ብቻ ነበር፤ መርዶ መንገር አልነበረም። ሦስት በሽተኛ ይጠራኛል፣ ምሳ አልበላሁም። ባለቤታቸው ስልኩን አንስተው «እንዴት ዋለልኝ?» ሲሉኝ፣ «አረፉ፣ እማማ» ብዬ አረዳኋቸው። ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ብቻቸውን ቤት ውስጥ ሳሉ! ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳላነሳው መተው ጀመርኩ። የክፍላችን ኃላፊ ኦስናት ስለ ሥራ ጭንቀት የምታስተምር ባለሙያ አመጣችልን። ክብ ሠርተን ተቀምጠን «በአፍንጫ ሳቡ፣ በአፍ አውጡ» ተባልን። አልዋሽሽም፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይረዳል። እኔ ግን የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ከማስገባቴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሮቫ ዛይን ሰፈር፣ የሟቹ ባለቤት እማማ ቤት ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ቀና አደረጉኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስትነግሪኝ ከጎንሽ ማን ነበረ?»

«ማንም፣ እማማ።»

«እሱ ሲያርፍስ?»

«ማንም አልነበረም።»

«እኔስ ጎረቤት ደረሰልኝ፤ ሰባት ቀን ሙሉ ቤቴ ሰው ሞልቶት ነበር። አንቺ በማግስቱ በሽተኛ ልታስታምሚ ቤት ሆሊም ገባሽ። ልጄ፣ አንቺን ማን አጽናናሽ?»

እዚያው እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በነጋታው ኦስናትን አነጋገርኳት። ከእንግዲህ መርዶ ለብቻችን አንናገር፤ በሽተኛ የሞተባት ነርስም ከሌላ ነርስ ጋር ወጥታ ትቀመጥ አልኳት። «ሰው የለኝም! ማንን ከማን ጋር ላስቀምጥ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሃያ ደቂቃ ፈቀደች። ትናንት ሮኒት የምትባል አዲስ ነርስ በሽተኛ ሞቶባት እያለቀሰች ወጣችና ደረጃው ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። መልቀቂያውን እስካሁን አላስገባሁም።

እዚያ ደረጃ ላይ ሆኜ ግን ያሰብኩት አንቺን ነው። አንቺም ነርስ ሳለሽ፣ ያቺ ሕፃን እጅሽ ላይ ያረፈች ቀን፣ እኔ የምሠራበት ክፍል ድረስ መጥተሽ ነበር። «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ብዬሽ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እንቅልፍ አጥተሽ ሥራሽን ለቀሽ ስትሄጂም «ያፋ ደካማ ናት» ብዬ ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ «እንኳን አደረሰሽ» ብቻ ተባባልን። አፍሬአለሁ፣ እህቴ። ይቅር በይኝ።

ሐሙስ ዕረፍት ነኝ፤ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ብትነግሪኝ እሰማለሁ፤ ባትነግሪኝም አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

የአባቶቻችን አምላክ ይጠብቅሽ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ።

የሕፃኗን ስም እንኳ አልጠየቅኩሽም። ማን ነበር ስሟ?

እህትሽ
አገኘሁሽ