ግማሽ ሹሩባ

ላንቴ፣ ማክሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2002 ዓ.ም.

እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። በነፃ ልታስተምርልን የመጣችው ፈረንጅ ትንሽ ልጇንም ይዛ መጥታለች። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ተማሪዬ ማሬ ሹሩባ እየሠራቻት ሳለ ዳይሬክተሩ ደረሱ።

«በዚህ አቧራማ እጅሽ የሰው አገር ልጅ ትነኪያለሽ?» ብለው ማሬን ወደ ቤቷ አባረሯት። ለልጅቷ ወንበር አስመጡላት።

«ጋሼ፣ ልጅ ከልጅ ጋር ቢጫወት ምን አለበት?» አልኳቸው።

«አንተ የትናንት ምሩቅ፣ የእንግዳ አያያዝ ልታስተምረኝ ነው?»

እናትየው ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት። ፊቷ ቀላ። ልጅቷ ግማሽ ሹሩባዋን ይዛ «ማሬ የት ሄደች?» እያለች ታለቅሳለች።

ነገ ጠዋት ቢሮ ቅረብ ተብያለሁ። ቋሚ ቅጥሬ በሳቸው እጅ ነው። እቀርባለሁ፤ ግን መጀመሪያ ማሬን ከቤቷ አምጥቼ ክፍል አስገባለሁ።