በኦርቪል ሐሳብ ላይ ያስጨመርኩት

ለውድ እህቴ ለሶልቬግ፤

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? የአላስካ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አድርጎታል? ባልሽ ሜርልስ ከዚያ ሳል ዳነ ወይ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እህትሽ አርዲስ ከነደም ግፊቴ፣ ከነንዴቴ አለሁ። እንዲያውም ሰሞኑን በእግሬ ያቆመኝ ንዴቱ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እጮሃለሁ፤ ስጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ልጄ ካርስተን ከዌድ ጋር ሊጋባ መሆኑን ሰምተሻል። አብረው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ባለፈው በጋ ደግሞ ወንድ ከወንድ መጋባትን ሕጉ ፈቀደላቸው። ልጄ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱ በተጠመቀበት፣ አባቱን በሸኘንበት ቤተ ክርስቲያን መጋባት። ፓስተራችንም፣ ምእመናኑ ከፈቀዱ እኔ አጋባቸዋለሁ አለች።

ታዲያ ጃንዋሪ ላይ ለዓመታዊው ስብሰባ ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን፣ ምሳ እንደተበላ ኦርቪል ቱፍቴ ብድግ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኗል አሁን፤ ያ ድሮ ዳንስ ቤት እንሂድ ሲልሽ ስቀሽበት የሄድሽው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ የሚፈጸመው ጌታ በተናገረው መሠረት፣ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። እግዚአብሔር ለአዳም የሰጠው ሔዋንን ነው፣ ትዳር ልጅ ለመውለድ ነው፣ ቃሉን እንደ ሸሚዝ በየዓመቱ አንቀይረውም አለ። ይህን ሁሉ ሲል ዓይኑ ካርስተን ላይ ነው። የገና ዋዜማ የቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ሲበላሽ ሥሩ ተኝቶ ያስነሳው ልጄ ላይ። ሳህኑ ላይ የነበረውም እኔ ያመጣሁት ድንች በሥጋ ነው፣ ሆዳም።

ሽማግሌው ላይል መለሰለት። «ኦርቪል፣ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው እኮ የአደን ፈቃድ የምትወስድበት መስኮት ነው። እዚያ እምነትህን የሚጠይቅህ የለም። እኩል ግብር የከፈለ እኩል ሕግ ይድረሰው። ልጅ የሌለበት ትዳር አይደለም ካልክ ደግሞ፣ እኔና ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስንሠራ ኖርን?» ሲለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፓስተሯም ጌታ ሰው የገፋውን ወደ ማዕዱ ጠራ እንጂ አልገፋም ብላ ሞከረች። ኦርቪል ግን ንቅንቅ አላለም። መንግሥት በመሥሪያ ቤቱ የፈለገውን ያድርግ፣ ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አርዲስ፣ ልጅሽን እኮ እንወደዋለን፣ ግን...» አለ። ያቺ «ግን» ደሜን አፈላችው።

ድምፁ እንደማያዋጣን ከሰዉ ፊት አይቼዋለሁ። በደንባችን ደግሞ ማንም ምእመን በቀረበው ሐሳብ ላይ ማሻሻያ ማስጨመር ይችላል። ተነሳሁና፣ የኦርቪልን ሐሳብ እደግፋለሁ አልኩ። ካርስተን ቀና ብሎ አየኝ። ነገር ግን የጌታ ቃል ተቆርሶ አይቅረብ፣ ጌታ ስለ ፍቺም ተናግሯልና ትዳሩን የፈታ ሰው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ዳግም አያገባም የሚል ይጨመርበት አልኩ። የእኛን ሰው ታውቂው የለም? ጎረቤቱ እያየው የጌታን ቃል ተቃውሞ እጁን የሚያወጣ ከየት ይመጣል? ኦርቪልም እያላበው ለማሻሻያው እጁን አወጣ። ከዚያ ሐሳቡ ከነማሻሻያው ለድምፅ ሲቀርብ እኔም እጄን ሽቅብ አወጣሁ፣ አለፈም። የኦርቪል ልጅ ጃኔል ያንን ሰካራም ባሏን ፈትታ፣ ጁን ላይ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ልታገባ የጥሪ ካርዱን ሁሉ በትና ነበር።

እንዴት አንጀቴ ቅቤ እንደጠጣ ልነግርሽ አልችልም! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ልል ነበር፣ ግን ገና አልጠገብኩም።

ጃኔል ማክሰኞ መጥታ ወጥ ቤቴ ውስጥ አለቀሰች። «እትዬ አርዲስ፣ እኔ ምን በደልኩዎት? ለካርስተን ብዬ አባቴን ተቃውሜ እጄን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አይቻታለሁ። አባትሽን ላኪው አልኳት እንጂ አላባበልኳትም።

ሐሙስ ኦርቪል ራሱ መጣ። አላስገባሁትም፣ በረዶው ላይ አቆምኩት። «ምን ይሻላል፣ አርዲስ?» አለኝ። ስብሰባ ጠርተህ፣ በገዛ አፍህ፣ ያ ውሳኔ ለልጅህም ለልጄም እኩል ይሻር ትላለህ አልኩት። «መጽሐፉስ?» አለኝ። ለጃኔል እንደምትተረጉመው አድርገህ ለካርስተንም ተርጉምለት አልኩት። አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከብርዱ ይሁን ከሐፍረቱ አላውቅም፣ ግድም አልሰጠኝም።

እየበረርኩ ሄጄ ለካርስተን ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እማዬ፣ ያን ቀን ኦርቪልን አልነበረም የማየው፤ ያንቺ እጅ ሲወጣ ነው ያየሁት» አለኝ። ለአንተ ብዬ እኮ ነው አልኩት። «አውቃለሁ፤ ግን ወጥቷል» አለ። ቤተ ክርስቲያን መጋባቱን ትተውታል። ኤፕሪል ላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ፊት ይጋባሉ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ አንዷ እኔ ነኝ አይደል ብዬ ብጠይቀው፣ ላይልንና ጃኔልን ጠይቀናቸዋል አለኝ።

ኦርቪል በሚመጣው ሳምንት እሑድ ውሳኔው ይሻር ሊል ይቆማል። ካርስተን እንዳትሄጂ ብሎ ለምኖኛል። እሄዳለሁ፤ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ።

ሜርልን አደራ ሳሉን አስታሚልኝ፤ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ልጅሽን ብሪታን ከነባሏ ሳሚልኝ፤ ትንሿን ኢንጋን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን። ኤፕሪል ላይ እንደምንም ብለሽ ነይ፣ እህት ዓለም። ፍርድ ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የለኝም።

እህትሽ አርዲስ
ሊንድሆልም፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2014