የደጀኔ ማሊያ

እሑድ፣ ጁን 14፣ 2009
ጉልበቴ ዛሬም አብጧል። በረዶ ይዤበት ቁጭ ብያለሁ። ከቅዳሴ መልስ የኮሚቴው ልጆች ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጡ። በጦርነቱ ዘመን ኳስ ለተጫወቱ ሽልማት አለ፣ ዘንድሮ ተራው የርስዎ ነው፣ ዝግጅቱ የፊታችን እሑድ ነው አሉኝ። ያቺን ፎቶ አሳዩኝ። ዘጠኝ ቁጥር፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጆቹን ወደ ሰማይ። የዋንጫዋ ጎል። ፊቱ አይታይም። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።
ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። እኔ አይደለሁም።

ማክሰኞ፣ ጁን 16፣ ምሳ ሰዓት
አሌክሳንድሪያ። ፓርኪንጉ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ እጽፋለሁ።
ጎሏን ያገባት ደጀኔ ነው፣ የክፍለ ጦሩ ቡድን አጥቂ። በሳምንቱ ለሶማሌ ጦርነት ግንባር ላኩት፤ አልተመለሰም። ያኔ አዲስ ማሊያ ከየት ይመጣል? የሱን አጥበው ለኔ ሰጡኝ። አስራ አንድ ጨዋታ ለበስኩት። ጎል፣ ባዶ። ከዚያ ጉልበቴ ሄደ። የኳስ ዘመኔ ይኸው ነው።
እዚህ አገር እንደመጣሁ አንዱ ፎቶውንና ማሊያዬን አይቶ አንተ ነህ አይደል አለኝ። ፈገግ አልኩ። በዚያች ፈገግታ ሃያ ዓመት ኖርኩ። ምግብ ቤት ስገባ ወንበር ይለቁልኛል። ሞቶም በለጠኝ። ያንገበግበኛል።

ዓርብ፣ ጁን 19
ሴት ልጅ ደወለች። ሰላማዊት። ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። የደጀኔ ልጅ! ሲዘምት እናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። የሽልማቱ ማስታወቂያ ላይ የቡድኑን ስም አይታ ስልኬን አፈላልጋ። አባቷን ኳስ ሲጫወት ያየ ሰው አግኝታ አታውቅም።
«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባቴ ጎል አግብቶ ያውቃል?»
ረሳሁት ልጄ፣ ዘመኑ ራቀ አልኳት። ምላሴን ይቁረጠው። አመስግናኝ ዘጋች። አመስግናኝ!

ቅዳሜ፣ ጁን 20
የኮሚቴውን ሊቀ መንበር ኮል አደረግሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል። ጋሼ ትሕትና አበዙ ይለኛል። ፕሮግራሙ ፕሪንት ሆኗል፣ ፎቶው ወጥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን ሃያ ዓመት ይዞ ያልለቀቀው ማን ነው? ሞኙም እኔ፣ ወረቀቱም እኔ።

እሑድ፣ ጁን 21፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ማሊያውን ከሻንጣ አወጣሁት። ብል በልቶታል። ቁጥሩ ግን አለ። ከአንሶላ ቀድዳ የሰፋችለት እናቱ ናት፤ የሰላማዊት አያት መሆኗ ነው።
ደወልኩላት። አላነሳችም። ዛሬ ሽልማቱ ላይ ነይ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ ብዬ መልእክት ተውኩ።
ወስኛለሁ። ሽልማቱን በእጄ አልነካም። ማሊያውን ለሷ እሰጣታለሁ። በማይክ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባትሽ ከሳጥን ውጪ በግራ እግሩ መታት፣ በረኛው አልተንቀሳቀሰም እላታለሁ። አልረሳሁም እላታለሁ። ከዚያ ወንበር የሚለቅልኝ አይኖርም። አይኑር።
የኮሚቴው መኪና መጣ፣ ክላክስ ያደርጋል። ደብተሬ፣ ጎሏ ስትገባ አንተስ የት ነበርክ ብትለኝ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ። ከሁሉም ቀድሜ ዘልዬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ያቺ ጩኸት እንኳ የራሴ ናት።