ባለቤቴ በሞንታርቦዎ ውስጥ እስካሁን ደህና ናት

ለክቡር አቶ ፈቃደ
የ«ጽጌ ፈውስ» የባህል መድኃኒት መደብር ባለቤት
ወልቂጤ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሱቅዎ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚጮኸው ሞንታርቦ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ጥፋቴንም በአደባባይ ስለሠራሁት ነው። በሞንታርቦዎ «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህን የአበባ ሻይ ጠጥታ ደህና ናት፤ እናንተም ውሰዱ!» የሚለው የተቀዳ ድምፅ የእኔ ነው። ባለቤቴ ኑኃሚን ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ይህን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።

በበዓል ቀን ለደብራችን ጃንጥላና ምንጣፍ በጨረታ የማሻሽጠው እኔ ስለሆንኩ፣ «የአንተን ድምፅ ሰው ያምነዋል» ብለው ለማስታወቂያዎ መርጠውኝ ነበር። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ መግባቴን አልረሳሁትም። አሁን ደግሞ ሌሎቹን ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

፩. ኮሶን ስላጣፈጡልን። ክትፎ የምንበላ ሰዎች ነንና ከመስቀል በኋላ ለትሉ ኮሶ ማን እንደሚጠጣና ማን እንደማይጠጣ በየቤቱ ይታወቃል፤ ነፍሰ ጡር ኮሶ እንደማትነካ እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁት ነበር። እርስዎ ግን አበባውን ፈጭተው፣ በማርና በዝንጅብል አዋሕደው፣ ኮሶ የሚለውን ስም ከፓኬቱ ላይ በትሕትና አስቀርተው «የአበባ ሻይ» አሉት። ኑኃሚን ስትቀምሰው «ይሄማ ከረሜላ ነው! አንተ ደግሞ መድኃኒት ትለኛለህ» ብላ ሳቀችብኝ። ቢመራት ትተፋው ነበር።

፪. ስለ ትምህርትዎ። ሽታው የኮሶ ስለመሰለኝ መጥቼ ብጠይቅዎ «ቢኖርበትም ትንሽ ነው፤ ደግሞ ተፈጥሮ ሰው አይጎዳም» አሉኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከብት የሚገድል ቅጠልም ከዚያው ከመሬት እንደሚበቅል አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነጭ ጋውን ለብሰው ስለነበር አመንኩዎ።

፫. ደም ሲፈሳት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አዋላጇ ሲስተር ሃፊዛ «ምን ጠጣች? የባህል ነገር ሰጥታችኋታል?» አለችኝ። ጤና ጣቢያው ከገበያው ጀርባ ነውና በመስኮቱ በኩል የገዛ ድምፄ ይሰማኝ ነበር። «ምንም» አልኩ። ኑኃሚን ቀና ብላ አየችኝ፤ አላሳፈረችኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በዚህ እርስዎን ልወቅስ አልችልም፤ መቁጠር ስለጀመርኩ ብቻ እዚህ አስገባሁት። የገደላት አበባው ነው ብዬም አልምልም። ሊያውቅ ይችል የነበረውን ሰው የዋሸሁት እኔ ነኝ።

፬. ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ከድንኳኑ ሥር ተቀምጠው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለው ሲያበቁ ተመልሰው ሞንታርቦውን ስለከፈቱት።

ለምን ዝም እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጠይቄዋለሁ። አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላውን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምገዛው ነገር ሳይኖረኝ ገበያ እወጣና ከሱቅዎ ፊት ለፊት እቆማለሁ። ሞንታርቦው «ደህና ናት» ይላል። ያንን ሰምቼ ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሰፍያ የምትባል ከጉንችሬ የመጣች ነፍሰ ጡር ፓኬትዎን ይዛ ወጣችና የሚኒባስ መነሻ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስመልስላት ድምፄን ለየችው። «ውይ ጋሼ! የሞንታርቦው ሰውዬ እርስዎ ኖት እንዴ!» ብላ ሳቀች። «ባለቤትዎስ? ምን ተገላገሉ?»

«ሞታለች» አልኳት። «ሕፃኑም።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ፓኬቱን ተቀብያት ወደ ሲስተር ሃፊዛ ወሰድኳት፤ ያኔ «ምንም» ያልኩትንም እዚያው ፊቷ አስተካከልኩ። ሲስተር አልተቆጣችኝም። ለሰፍያ ነፍሰ ጡር ኮሶ መጠጣት እንደሌለባት፣ ማህፀን አነሣሥቶ ደም ሊያፈስ እንደሚችል፣ ለትሉም ቢሆን ጤና ጣቢያ ሳትጠይቅ ምንም እንዳትወስድ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ወደ እኔ ዞራ «ያኔ ብትነግረኝ…» አለችኝ።

ንግድዎን ይባርክልዎ እንዳልል አንደበቴ እምቢ ስላለኝ፣ ልቡናዎን ይመልስልዎ ብዬ እሰናበታለሁ።

ድምፁን ያዋሰዎ፣ ከእንግዲህ ግን የማያውስዎ
የወይዘሮ ኑኃሚን ባል
ንጋቱ ዘርጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ሞንታርቦዎ ድንገት ጸጥ ሲል መብራት የጠፋ መስሎዎት ደጅ ወጥተው ሽቦውን ሲያዩ ነበር አሉ፤ ስላደከምኩዎ ይቅርታ። ሌላ ምስክር ካስፈለገዎ ሞታ የማታውቅ ሚስት ያለችው ሰው ይፈልጉ። እኔ ሰፍያን ሚኒባስ አሳፍሬ ተመለስኩ፤ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ለደንበኛ ሲያሽጉ ገባሁና ድምፄ ያለበትን ፍላሽ ከሞንታርቦው ነቀልኩት። «ባለቤቴ» ብሎ ነበር፤ እዚያው ላይ ቆመ።