በኖራ ስለ ሸፈንሁት የኩማ ስልክ ቁጥር

ውድ አጎቴ ጋሼ ታደሰ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ድሬዳዋ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው ፈልገው እንዲያገኙልኝ ለመለመን ነው። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ሳላሳጥርና ሳላሳምር በጽሑፍ ማስረዳቱን መረጥሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት ወይስ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል? እትዬ ሰናይት እንዴት ናቸው? ሳሙኤልስ በትምህርቱ እየበረታ ነው? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናቴ ሳልዋ ለቋታል፤ እንዲያውም መዘምራን ውስጥ ገብታ ከወጣቶቹ በላይ ድምጿ ይሰማል።

የመዝገብ ሠራተኛ የሆንሁበት የቅየሳ ድርጅት ባለፈው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1 ቀን፣ የተመሠረተበትን አሥረኛ ዓመት አከበረ። በዓሉ በምሳ ብቻ እንዳያልፍ ተማክረን፣ ጠዋት ታቦር ሰፈር የእማማ ገበያነሽን ቤት ልናድስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ዳር ልንጫወት ተስማማን። እማማ ገበያነሽ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸው በሞራ የደከመ እናት ናቸው። ሥራው ሳያልቅ እንዳያዩት ብለን ጎረቤታቸው አስማ ሱቅ በር ላይ አስቀመጥናቸው። ባልደረባዬ አብዱራህማን ጣሪያው ላይ ወጥቶ የተበሳውን ቆርቆሮ ይቀይራል፤ ጓደኛዬ ዮርዳኖስ ቀለም ትበጠብጣለች፣ ፎቶም ታነሣለች፤ የግድግዳው ኃላፊ እኔ ነበርሁ።

ከበሩ አጠገብ በከሰል የተጻፉ ቁጥሮች አየሁ፤ አራት አሃዝ ከላይ፣ አራት አሃዝ ከታች። የእኛ ቀያሾች ሲለኩ ልክ እንዲህ ግድግዳ ላይ ምልክት ይጽፋሉ። ሥራው ሲያልቅ ምልክቱ ይጥፋ የሚለውን መመሪያ ደግሞ ጽፌ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ የራሳችን አሮጌ ምልክት ነው ብዬ በገዛ እጄ ፋቅሁትና ሁለት ጊዜ ኖራ ቀባሁበት። አብዱራህማን ከጣሪያው ሆኖ፣ «ኢያኤል፣ ግድግዳውንም ፋይል ልታደርጊው ነው?» እያለ አሳቀብኝ። ማንንም ሳልጠይቅ እንደ ፋቅሁት አልክድም።

ከሰዓት በኋላው እንዴት ያለ ደስታ እንደነበረ ልንገርዎ! ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ በልተን ሣሩ ላይ ገመድ ጉተታ ጀመርን፤ የመስክ ሠራተኛ በአንድ ወገን፣ የቢሮ ሠራተኛ በሌላው። «እናንተ ከማኅተም የከበደ ነገር አንሥታችሁ ታውቃላችሁ?» እያሉ ቢዘብቱብንም፣ በእነሱ በኩል የነበሩት ሥራ አስኪያጃችን አዳልጧቸው ሦስት ሰው ይዘው ስለ ወደቁ አሸነፍን። በጆንያ ሩጫ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ዮርዳኖስ ፊሽካው ሳይነፋ እንደ ተነሣች በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድም ቃል አለመናገሬን እንደ ትልቅ ትዕግሥት ይቁጠሩልኝ።

ዐሥር ሰዓት ላይ እማማ ገበያነሽን ወደ ቤታቸው ልናስገባ ተመለስን። አስማ እልል አለች፤ እኛም አጨበጨብን። እርሳቸውም መረቁን፤ ከዚያ በሩን አልፈው ዓይናቸውን አስጠግተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ «ኩማስ? ልጄን የት አደረጋችሁት?» አሉ።

በከሰል የተጻፈው ድሬዳዋ የሚሠራው ልጃቸው የኩማ ስልክ ቁጥር ነበር። የጻፈው ራሱ ኩማ ነው፤ ዜሮ ዘጠኙን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብሎ ትቶታል። እማማ ገበያነሽ ስልክ የላቸውም፤ ከግድግዳው እያነበበች የምትደውልላቸው አስማ ነበረች። የእርሷም ስልክ በመስከረም ጠፍቶ ቁጥሯን ስለ ለወጠች፣ ከዚያም ወዲህ ስላልደወሉለት፣ ኩማም ደውሎ ሊያገኛቸው አይችልም። ዮርዳኖስ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየን፤ በሁሉም ላይ ተደርድረን እየሳቅን ግድግዳውን ሸፍነነዋል።

ነገሩን ያከበደው የዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ነው። ቀጠሮው ጥቅምት 25 ቀን ነው። ኩማ «ቀኑን ንገሪኝና ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ» ብሏቸው ነበር፤ ቀኑን ግን ገና አልሰማም። እማማ ደግሞ፣ «ልጄ አጠገቤ ሳይቆም ዓይኔን ለማንም አልሰጥም» ብለዋል። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን ሐኪሞቹም አላወቁም።

እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኋቸው። እርሳቸውም፣ «ቤቴማ አምሯል አሉ። ሞራው ሲነሣልኝ ግድግዳሽንም ልጄንም አብሬ አያቸዋለሁ። በይ አሁን አታልቅሺ፤ ፈልጊው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልደረቦቼ ተራ ወጥተው ይጠይቋቸዋል፤ የሕክምናው ዕለትም በባጃጅ ልናደርሳቸው ተዘጋጅተናል። የጎደለው ኩማ ብቻ ነው፤ እርስዎ እርሱ በሚሠራበት በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ እንደሚገኝ ተስፋዬ ጽኑ ነው።

ሙሉ ስሙ ኩማ ዳንጊሶ ነው። ሳቢያን ውስጥ የከባድ መኪና ጎሚስታ ነው፤ የጋራዡን ስም እናቱ አያውቁትም። ዕድሜው ሠላሳ አካባቢ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ሲሆን የግራ ቅንድቡን የሚያቋርጥ ጠባሳ አለው። የላይኛው ረድፍ 4417 እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ፤ የታችኛውን አላስታውስም፣ በግምትም አልጽፍልዎትም።

ለእትዬ ሰናይት የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሳሙኤልን ይሳሙልኝ፤ የላክሁለትን መጽሐፍ ጨርሶ እንደሆነም ይጠይቁልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ አብዱራህማን ነው፤ ወደ ጅግጅጋ ለሥራ ሲያልፍ ስለሆነ ለፍለጋ ጊዜ የለውም፤ ውኃ ሳያጠጡ ግን አይስደዱት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ኩማን አግኝተው የእናቱ ቀጠሮ ጥቅምት 25 መሆኑን ይንገሩልኝ፤ ከዚያም እዚያው ከጎንዎ ሆኖ ወደ እኔ ስልክ እንዲደውል ያድርጉልኝ፤ ከእማማ ገበያነሽ ጋር ወዲያው አገናኘዋለሁ። ፈቃድ ጠይቆ መንገድ እንዲደርስለት፣ ከማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን እንዳያልፍብን አደራ እልዎታለሁ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ ኢያኤል
ሐዋሳ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.