ለሰይድ፦ በሳሎናችን ስላለው ባሕር

ሰይዶዬ፣

አሰላሙ ዐለይክ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ዱዓ ሳላደርግልህ የዋልሁበት ቀን የለም፤ ወሬ ግን አውርቼህ አላውቅም። ዛሬ ዓርብ ነው። ልጃችን ረውዳ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ የዓሣ ገንዳውንም ውኃ ቀይሬ ጨርሻለሁ። ወንበሬን ከገንዳው መስተዋት ፊት ለፊት ሳብሁና እስኪ የሆነውን ሁሉ ልንገረው አልሁ።

መጀመሪያ መስማት የምትፈልገውን ላስቀድም፤ ደህና ናቸው። ያ እንጉዳይ የሚመስለው ቡናማ መርጃን፣ ፈረንጆቹ ኮራል የሚሉት፣ ከመዳፌ ሁለት እጥፍ ሆኗል። ጣቶቹን እንደ ሕፃን እየጨበጠ የሚዘረጋው ነጩ ደግሞ የኋላውን ድንጋይ ሁሉ ወርሶ፣ አሁን ጎረቤቶቹን ሊገፋ ስለሚቃጣው በየወሩ እገርዘዋለሁ። ሁለቱ ብርቱካንማ ዓሦችም አሉ። ትልቋ ዛሬም እጄን ባስገባሁ ቁጥር ትነክሰኛለች። አንተን አንድ ቀን እንኳ አልነከሰችህም፤ ይህን አልረሳሁላትም።

እኛም ደህና ነን። ረውዳ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። ሓወልቲ አጠገብ የነበረውን የፍሪጅ መጠገኛ ሱቅህን ዘጋነው፤ መሣሪያዎችህን ግን ከነሣጥናቸው ቤት አስገብቻቸዋለሁ። የግቢውን በር ሰማያዊ አስቀባነው። ጎረቤታችን ኣደይ ለተብርሃን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸው ግን እንደምታውቀው ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም።

ያን መስተዋት ይዘህ የገባህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ቡፌ ታመጣልኛለህ ብዬ የሳሎኑን ግድግዳ አስለቅቄ፣ ወለሉን ወልውዬ ጠበቅሁህ። አንተ አራት ወፍራም መስተዋትና አንድ ካርቶን ማጣበቂያ ይዘህ ከች አልህ።

«ቡፌው የታለ?» አልሁህ።

«ቡፌ ማንም ቤት አለ» አልኸኝ ላብህን እየጠረግህ። «ባሕር ግን መቀሌ ውስጥ ማን ቤት አለ?»

ሦስት ቀን አላናገርሁህም። አንተ ግን ኩርፊያዬን ያየህም አትመስልም ነበር፤ እያፏጨህ መስተዋቱን ታጣብቃለህ፣ ከሥር የሚቆምበትን ብረት ታስበይዳለህ፣ ውኃ የሚያዟዙረውን ሞተር ፈትተህ ትገጥማለህ።

ከዚያ የጨው ነገር መጣ። መቀሌ የጨው ከተማ ናት፣ ምን ቸገረን ብለህ ከገበያ የአፋር አሞሌ አምጥተህ፣ ወቅጠህ፣ አሟሟህና የጅቡቲው ጓደኛህ ሙሳ በከባድ መኪና ሾፌር የላካቸውን ሁለት ዓሦች ለቀቅህበት። ከእኩለ ቀን በፊት ሁለቱም በጎናቸው ተንሳፈፉ። ምሳህን ሳትቀምስ ተነሣህ። ሙሳ በስልክ ሲቆጣህ እኔም ከማድ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር፤ «አንተ ሰውዬ፣ ባሕር እኮ የወጥ ጨው አይደለም! ኖራው አለ፣ ሌላው ሌላው አለ» ይልሃል። አንተ እንደ ተማሪ «እሺ፣ እሺ» ትላለህ። እሱ ነው በኋላ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በባልዲ የላከልን።

ውኃውም ሌላ ጣጣ ነበር። ከቧንቧችን የሚወርደው የዓይናለም ውኃ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፤ ለመርጃን አይስማማም ብለህ ለመኪና ባትሪ የሚሆነውን የተጣራ ውኃ በጀሪካን ማመላለስ ጀመርህ። ሰፈሩ «ሰይድ መኪናውን የት ነው የደበቀው?» እያለ ያማን ነበር። ኣደይ ለተብርሃንማ ፊት ለፊት ነው የጠየቁኝ። ነገሩን ብነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ወይ ጉድ! ሰው ቤት አጥቶ፣ ይኼ ለዓሣ ሳሎን ይሰጣል?» አሉ።

ገንዳው ሞልቶም እንስሳ አልገባበትም። ድንጋይና ውኃ ብቻ እያየን አርባ ቀን ቆየን። ለምን ይሆን ስልህ፣ «ውኃውም እንደ አራስ ነው፤ እስኪበረታ ይታገሡታል» አልኸኝ። ያን ቀን ነው ሳላስበው የሳቅሁልህ። ኩርፊያዬም በዚያው ተሰበረ።

ሙሳ በሚሠራበት ሆቴል ውስጥ ትልቅ ገንዳ ነበረው። ከራሱ መርጃን ላይ ቁራጭ ቆርጦ፣ በውኃ በተሞላ ላስቲክ አስሮ፣ ሙቀት በማያስገባ ሣጥን ላከልህ። ላስቲኩን ገንዳው ላይ አንሳፍፈህ ብርዱን እስኪለምድ ጠበቅህ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ውኃ አለማመድኸው። ስምንት ቀን ተኮራምቶ ተቀመጠ። ሞቷል ብዬ በልቤ ቆርጬ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከዐሱር ሰላት በኋላ «ሰዓዳ! ሰዓዳ!» ስትል፣ እጄ ሊጥ እንደሆነ ሮጥሁ። ያ የተጨማደደ ቡናማ ነገር ራሱን ዘርግቶ፣ ከላዩ መቶ ጥቃቅን አበቦች አውጥቶ፣ በውኃው ይወዛወዛል። ዞር ብዬ ሳይህ ታለቅሳለህ።

ሰይዶ፣ ይህን በሕይወትህ ሳለህ አልነገርሁህም። አንተን ያገባሁህ ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ቢሆንም፣ ያወቅሁህ ግን ያን ቀን ነው። እስከዚያ ልጅ ሆነህ ስለሠራህበት ስለ ዓሰብ የነገርኸኝ «ይሞቃል» የሚል አንድ ቃል ነበር። አባቴም ወሎዬ ስለሆንህ፣ ሰላትህን ስለምትጠብቅና የእጅ ሙያ ስላለህ ወደደህ እንጂ ከዚያ በላይ አልጠየቀህም። ያን ቀን ግን ከገንዳው ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጠህ ጀመርህ። በዐሥራ አምስት ዓመትህ ከደሴ ሥራ ፍለጋ እንደወረድህ፣ ወደብ ላይ ጆንያ እንደተሸከምህ፣ ሙሳ ዓርብ ዓርብ ዋና እያስተማረህ በአንድ የተሰነጠቀ መነጽር ከባሕር በታች ያለውን እንዳሳየህ። «ሰዓዳ፣ ከላይ ሲያዩት አሸዋና እሳት ነው፤ ዝቅ ስትዪ ግን የአበባ አገር ነው» አልኸኝ።

ቀጥለህም ደርግ የወደቀ ጊዜ ከዓሰብ በእግር ስትወጡ፣ ታላቅ ወንድምህ አሕመድ በረሃው ላይ በውኃ ጥም እንደሞተና በእጅህ አሸዋ ምሰህ እንደቀበርኸው ነገርኸኝ። ወንድም እንደነበረህ እንኳ አላውቅም ነበር! ዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ማዕድ በልተን፣ አንተ ያን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ ኖረህ ነበር። እጄ ላይ ያለው ሊጥ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ያን ያየሁት ተናግረህ ስትጨርስ ነው።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ለአሕመድ ሰደቃ አቋርጠን አናውቅም። አሁንም አላቋረጥሁም፤ አንተን ጨምሬ ለሁለታችሁ አወጣለሁ።

አንተ ስትሄድ ገንዳውን ለሰው ልሰጥ ነበር። እውነቱን ልንገርህ። ሞተሩ ሲያጉረመርም አንተ ሳሎን ያለህ ይመስለኝና መቀመጥ አቃተኝ። ረውዳ ግን «እማ፣ አንድ ወር ብቻ እንሞክር» አለች። ሞከርን። በሁለተኛው ሳምንት መርጃኖቹ ሁሉ ተዘጉ። ነፋሱ ደረቅ ስለሆነ ውኃው በየቀኑ ይጎድላል፤ እኔ ደግሞ ጎድሎ እንዳይጎዳቸው ብዬ የጨው ውኃ እየበጠበጥሁ እሞላዋለሁ። ሙሳ ጋ ደውዬ ሳለቅስ፣ «አብሽሪ እህቴ» አለኝ። «የሚተነው ውኃው ነው እንጂ ጨው አይተንም። የጎደለውን በንጹሕ ውኃ ሙዪ።» ስንት ዓመት ከጎንህ ቆሜ ስታደርገው እያየሁ፣ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም ነበር። በትንሽ በትንሹ አስተካከልነው፤ ከዐሥር ቀን በኋላ ተከፈቱ። ገንዳውን የመስጠት ነገርም በዚያው ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ግን የመብራቱ ቀን ነው። ረመዳን ነበር። ጠዋት መብራቱ ሄደ፣ ለመጠባበቂያ የገጠምኸው ባትሪም አርጅቶ ስለነበር አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሞተሩ ዝም ሲል ውኃው ይታፈናል። ረውዳ ፈተና ላይ ናት። ጣሳ አነሣሁና ከገንዳው እየጨለፍሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርሁ፤ አየር እንዲገባበት። ስድስት ሰዓት ላይ ክንዴ ዛለ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። በዚያ መሐል ኣደይ ለተብርሃን ሚጥሚጣ ሊበደሩ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ጣሳውን ከእጄ ወሰዱ።

«ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። «አንቺ ጾመኛ ነሽ። ስትደክሚ እኔ፣ ስደክም አንቺ።»

በዚያ በታመመ ጉልበታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀዱ። መሐል ላይ ቆም አሉና መስተዋቱን አተኩረው አይተው፣ «ሰይድ ይኼንን ነው ለካ እንደዚያ ያየው የነበረ» አሉ። ለማፍጠር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መብራቱ መጣ። ከጥግ የነበረችውን ቀይዋን መርጃን አጣናት፤ በማግሥቱ ነጥታ አደረች። የቀሩት ሁሉ ተረፉ። እሳቸው ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን መጥተው ካላዩ አይሆንላቸውም፤ ለሰው ሲያወሩም «ባሕራችን» ነው የሚሉት።

አሁን ደግሞ የምሥራቹን ስማ። ባለፈው ክረምት ሙሳ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ሆቴሉ ለእድሳት ሲዘጋ፣ እሱ ባልነበረበት ገንዳውን ከመብራት ነቅለውበት ኖሯል። «ሰዓዳ፣ አንድም አልተረፈልኝ» አለኝ። «ሃያ ዓመት ያሳደግሁት ነው።» ስልኩን ዘግቼ ረውዳን ጠርቼ አዲስ ምላጭ ግዢልኝ አልኋት።

እንጉዳይ የሚመስለውን መርጃን መቁረጥ ልጅ እንደ መግረዝ ሆነብኝ። ቢስሚላህ ብዬ ከጠርዙ አንድ ቁራጭ አነሣሁ፤ ሽታው ሳሎኑን ለቅቀን እንድንወጣ አደረገን! በልብስ መስፊያ ክር ከጠፍጣፋ ድንጋይ ጋር አሰርሁት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ራሱ ድንጋዩን ሲይዝ ክሩን ፈታሁለት። በላስቲክ፣ በዚያው ዓይነት ሣጥን፣ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ ሾፌር አደራ ብዬ ሰጠሁት። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ሙሳ ደወለ። «ተከፍቷል» አለኝ። «ሰይድ መቀሌ ላይ ያቆየልኝ የራሴ መርጃን ነው። አላህ ይዘንለት።» ሁለታችንም በስልክ ተላቀስን። ሐዘን ግን አልነበረም፤ ሰርግ ቤት እንደሚለቀሰው ዓይነት ነው።

ሰይዶ፣ አመሰግንሃለሁ። በቡፌው ፈንታ ስላመጣኸው ነገር አመሰግንሃለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ወደፊትም እንጃ። ነገር ግን ዘንድሮ እጄ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን ሳልለካ መገመት ደርሻለሁ። ይህን ያስተማረኝ ሰው ስለነበረኝ ነው። ወንድምህን፣ ልጅነትህን፣ ጓደኛህን፣ ከአጥር ማዶ ሆነው ያሙን የነበሩትን ሴት ሳይቀር፣ ሁሉንም በዚህ መስተዋት በኩል ሰጠኸኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሆስፒታል በመጨረሻው ቀንህ በጣትህ ጠራኸኝ። ሁላችንም ስለ ገንዳው ልትናዘዝ መስሎን ረውዳ እስክሪብቶ አውጥታ ነበር። አንተ ግን ጆሮዬን አስጠግተህ፣ «ያንን ጥርስሽን ታከምሽው?» አልኸኝ። አልታከምሁም ነበር። እንዳትጨነቅ ብዬ «አዎ፣ ተነቀለ» አልሁህ። ፈገግ አልህ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገርህም።

ያን ውሸት ይዤ ሁለት ዓመት በግራ በኩል ሳላኝክ ኖርሁ። መንቀሉ አንተን እንደ መሸኘት ሆኖብኝ ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ረውዳ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጥርሱን መዳፉ ላይ አድርጎ እያሳየኝ፣ «እናቴ፣ ይኼን ይዘሽ እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?» አለኝ።

እንግዲህ አሁን እውነት ሆኗልና ያን ውሸቴን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፤ ተነቅሏል፣ አያመኝም። እስካለሁ ድረስ ከዱዓዬ አትጠፋም፤ እኔ ሳልፍም ስምህን የምትጠራ ልጅ አለችን።

ያንተው ሰዓዳ
መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ