ዙቤዳ ያወጣችልሽ ስም

ልጄ ሙቢና፣ አላህ በሰው አገር ጤናና ደግ ጎረቤት ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ በብርዱ ያመኛል።

ጁምዓ ዕለት ጎረቤታችን ዙቤዳ ቤት ሳለሁ ደወልሽላት። "ሙቢዬ፣ የኔ ሚጢጢ!" ስትልሽ "ወዬ፣ እማ ዙቢ!" ብለሽ ሳቅሽ። ለእኔ እንዲህ ስቀሽ አታውቂም። ቀናሁ።

አባትሽ ሲሞት እሷ ጋ ትቼሽ ሁለት ዓመት ዲክሲስ ከተማ ሄጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስታለቅሺ ሙቢዬ የሚለውን ስም አውጥታ ያባበለችሽ እሷ ናት። ስመለስ እሷ ባወጣችው ስም ልጠራሽ አፈርኩ፤ በሙሉ ስምሽ ብቻ እየጠራሁ አሳደግሁሽ።

አሁን የራሴን አወጣሁልሽ። እናቴ እኔን ስታቆላምጥ በኦሮምኛ "ቢፍቱኮ"፣ የኔ ቢፍቱ፣ ትለኝ ነበር፤ አንቺም ሙቢኮ ነሽ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ከዙቤዳ አስቀድመሽ ለእኔ ደውዪ፤ ሙቢኮ ስልሽ፣ ዘገየሽ ብለሽ ዝም አትበዪኝ።

እናትሽ ቢፍቱ፣ ከአሰላ